ዳገቱ ላይ ዓይኗ ለጨለመባት አንባቢያችን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ54 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ተቀምጬ እሠራለሁ። ደም ግፊት ከተገኘብኝ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ጠዋት ጠዋት አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራምና አቴኖሎል 50 ሚሊ ግራም እውጣለሁ፤ ግፊቴም አሁን 135 በ85 አካባቢ ነው። ሐኪሜ «ስፖርት ሥሪ» ስላለኝ ከሰፈር ሴቶች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ መውጣት ጀመርኩ። ልጄ የገዛችልኝ ሰዓት የልብ ምቴ ከ116 እስከ 141 መድረስ እንዳለበት ያሳየኛል፤ እኔ ግን ቁና ቁና እየተነፈስኩ እንኳ ከ105 አላልፍም። ባለፈው ቅዳሜ ሴቶቹ ላይ ለመድረስ ዳገቱን ሮጥኩ። ላይ ደርሼ ቆም ስል ዓይኔ ጨለመ፤ ደግፈው አስቀመጡኝ፣ ትንሽ ቆይቶም ተወኝ። አንዷ ጓደኛዬ «ኪኒኑ ነው የያዘሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አትዋጪው» አለችኝ። ልጆቼ ደግሞ ጭራሽ ተዪው ይላሉ። በልጅነቴ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ እያበጠ ያመኝ ነበር እንጂ የልብ በሽታ አለብሽ ተብዬ አላውቅም። ልቤ ደክሟል ማለት ነው? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሁሉ በፊት የኪኒኑ ነገር። ቅዳሜም ሆነ ሌላ ቀን አቴኖሎልን በራስዎ ፈቃድ እንዳይዘሉት። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ልብን የሚያስሮጠው ልብ ላይ ባሉት ማረፊያዎች ላይ እያረፈ ነው፤ አቴኖሎል ደግሞ እነዚህን ማረፊያዎች ይይዝበታል። ሰውነት ማረፊያዎቹ ለወራት ተይዘው ሲቆዩበት ሌሎች ይጨምራል። እንግዲህ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ አድሬናሊኑ ከቀድሞ የበዛ ባዶ ማረፊያ ያገኝና ልብን ይጋልበዋል፤ ግፊትም ሽቅብ ይወጣል። ቤት ተቀምጦ እንኳ የማይወደድ ነገር ዳገት ላይ ሲሆን ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። ጓደኛዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው፤ ኪኒኑ የልብ ምትዎን ይዞታል። የታዘዘውም እንዲይዝ ነው።

የሰዓትዎ እንቆቅልሽም እዚሁ ላይ ይፈታል። ሰዓቱ ከ220 ላይ ዕድሜዎን 54 ቀንሶ 166 አገኘ፤ ከዚያ 70 በመቶውንና 85 በመቶውን ወስዶ 116 እና 141 አለዎት። አቴኖሎል እንደሚውጡ ማን ነግሮት? ይህ ስሌት መድኃኒት ለማይወስድ ሰው እንኳ ግምት ብቻ ነው፤ በአሥር ምትና ከዚያም በላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል። አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና የመሳሰሉትን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ለእርስዎ 105 ትንሽ ቁጥር ሳይሆን ብዙ የተደከመበት ቁጥር ሊሆን ይችላል። ቁና ቁና መተንፈስዎ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ስለዚህ ሰዓቱን ለደቂቃና ለእርምጃ ይጠቀሙበት፣ የልብ ምት ዒላማውን ግን ያጥፉት።

በምትኩ የሚለኩት በንግግርዎ ነው። እየተራመዱ ስልክ ሲያወሩ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው መንገድ ላይ መሆንዎን ከትንፋሽዎ ካወቀ፣ ግን «ምን አልሽ?» እያለ ካላስደገመዎት፣ ልክ ነዎት። መዝሙር ያለ ችግር ማንጎራጎር ከቻሉ ትንሽ ይፍጠኑ። ሁለት ሦስት ቃል ብለው አየር ካጠረዎት ወዲያው ያዝግሙ፤ ሴቶቹ ጥለውዎት ቢሄዱም። ሌላው መለኪያ እግር ነው፦ በ15 ሴኮንድ ውስጥ 25 እርምጃ ያህል ከቆጠሩ በደቂቃ 100 ማለት ነው፤ በሜዳ ላይ ይህ ለአብዛኛው ሰው ልብን የሚያሠራ ፈጣን እርምጃ ነው።

አሁን ወደ ጨለመው ዓይንዎ እንምጣ። ሲሮጡ የእግር ጡንቻ ውስጥ ያሉት የደም ቧንቧዎች ወለል ብለው ይከፈታሉ። ወደ እግር የወረደውን ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ደግሞ ባትና ጭን በየእርምጃው ደም መልሶቹን ሲጨምቅ ነው፤ እግር እንደ ሁለተኛ ልብ ይሠራል። ድንገት ሲቆሙ ጭመቃው ይቆማል፣ ቧንቧዎቹ ግን ገና ክፍት ናቸው፤ ደም እግር ላይ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ የሰውነት መላ ልብን ቶሎ ቶሎ ማስመታት ነበር፤ የእርስዎን ልብ አቴኖሎል ይዞታል። የደም ቧንቧዎችን ማጥበብ ሁለተኛው መላ ነው፤ አምሎዲፒን ደግሞ ሥራው እነሱን ማላላት ነው። አንጎል ለጥቂት ሴኮንዶች ደም ያጥረዋል፤ ዓይን ይጨልማል። ቁርስ ሳይበሉና ውኃ ሳይጠጡ ወጥተው ከነበረ ደግሞ ይብሳል። ከፍታውም አለ። በመሀል አዲስ አበባ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በእንጦጦ አናት ላይ ወደ ሲሶ የተጠጋ ይጎድላል። (ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶችዎ የመጀመሪያውን ሳምንት በሜዳ ብቻ ቢራመዱ የምንለውም ለዚህ ነው።)

ሴቶቹ ማስቀመጣቸው ትክክል ነበር። ራሱን የሳተን ወይም ሊስት የደረሰን ሰው ብብቱ ሥር ገብቶ አቁሞ መያዝ ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ደሙ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ይቀራል። አስተኝቶ እግሩን ከፍ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላም በአንድ ጊዜ ብድግ አይባልም።

በእርስዎ ላይ የደረሰው ከቆሙ በኋላ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። እየሮጡ ወይም ዳገቱን እየወጡ ሳለ፣ ገና ሳይቆሙ፣ ዓይን የሚጨልምበት ወይም ራሱን የሚስት ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ የልብ ቫልቭ (ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው የልብ በር) መጥበብ ወይም የምት መዛባት ሊሆን ስለሚችል እስኪመረመር ድረስ ምንም ዓይነት ስፖርት መሥራት የለበትም።

በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ትኩረታችንን የሳበው ግን መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጻፏት ናት፦ በልጅነትዎ ጉልበትና ቁርጭምጭሚትዎ እያበጠ ማመሙ። ይህ የተራ ቁርጥማት ታሪክ ሊሆን ይችላል። የሩማቲክ ትኩሳት ታሪክም ሊሆን ይችላል። በልጅነት የሚይዝ አንድ ዓይነት የጉሮሮ ሕመም፣ ብዙ ሰው ቶንሲል የሚለው፣ በአግባቡ ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። መገጣጠሚያው ይድናል፣ ጠባሳም አይተውም። የልብ ቫልቭ ግን ጠባሳ ይይዛል፤ በተለይ በግራው የልብ ክፍል የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚለየው ሚትራል ቫልቭ። ጠባሳው ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ ሴትየዋ ስታረግዝ ወይም ዳገት ስትሮጥ ይገለጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ደም በጠበበው ቫልቭ ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል፣ ልብ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ በምትና በምት መካከል ያለው የመሙያ ጊዜ ያጥራል፤ ያላለፈው ደም ወደ ሳንባ ተመልሶ ትንፋሽ ያሳጥራል። በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም ብርቅ ስላልሆነ፣ እርስዎ አለብዎት ባንልም፣ ሳይታይ ወደ ዳገት ይመለሱ ለማለት አንደፍርም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱና እንዲህ ይበሉ፦ «ዳገት ሮጬ ስቆም ዓይኔ ጨለመ፤ በልጅነቴ መገጣጠሚያዬ እያበጠ ያመኝ ነበር፤ ስፖርት መቀጠል እፈልጋለሁ።» እነዚህ ሦስት ነገሮች አብረው ካልተነገሩ ምርመራው ግፊት ለክቶ በመሸኘት ሊያበቃ ይችላል። ልብዎ በማዳመጫ ይደመጥ፤ ኢሲጂና ኢኮ ይነሡ። ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ ነው። ኢኮ በጄል የሚደረግ የልብ አልትራሳውንድ ነው፤ መርፌ የለውም፣ አያምም። ግፊትዎ ተቀምጠው ከተለካ በኋላ ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ላይ እንደገና ይለካ፤ ላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የኪኒኑ መጠን ወይም ሰዓት እንደገና ይታሰብበታል። አቴኖሎል ጉልበቱ የሚበረታው ከተዋጠ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ጠዋት ውጠው ወዲያው እንጦጦ ከወጡ በትክክል በዚያው ጊዜ ዳገት ላይ ነዎት ማለት ነው። ወደ ማታ ይዛወር ወይም የልብን ምት በማይዝ ሌላ የግፊት መድኃኒት ይለወጥ ብሎ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ መጠየቁ ግን መብትዎ ነው።

«ልቤ ደክሟል ወይ?» ላሉት፣ ከጻፉልን ውስጥ የልብ ድካም ምልክት የሚመስል አላየንም። የልብ ድካም ያለበት ሰው በሜዳ ሲራመድ ወይም አልጋ ሲያነጥፍ ያለከልካል፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረውና ሁለት ሦስት ትራስ ይደራርባል፣ ሌሊት አየር አጥሮት ይነሣል፣ እግሩ ያብጣል። አምሎዲፒንም ወደ ማታ ላይ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ስለሚችል እብጠት ብቻውን ሲታይ አይደንግጡ፤ ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን ሳያድሩ ይሂዱ።

ለልጆችዎ የምንላቸው ደግሞ እናታችሁን ቤት ማስቀመጥ ከልብ ሕመም አያድናቸውም ነው። ጄረሚ ሞሪስ የተባለው ብሪታንያዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1953 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት የለንደን አውቶቡስ ሾፌሮችን ከትኬት ቆራጮቹ ጋር አነጻጽሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ከሚነዱት ሾፌሮች ይልቅ ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች በልብ ደም ሥር ሕመም የሚያዙት በቁጥር ያነሱ ነበሩ፤ ከተያዙም በቶሎ የሚሞቱት ጥቂት ነበሩ። መዝገብ ቤት የሚቀመጥ ሰው ከሾፌሩ ወገን ነው። አንድ ነገር ግን እናስተውል፦ ትኬት ቆራጮቹ ደረጃ የሚወጡት በየቀኑ ነበር እንጂ ቅዳሜ ቅዳሜ አልነበረም።

ይህ ልዩነት ለግፊትዎ ወሳኝ ነው። ሲራመዱ ደም በቧንቧ ግድግዳ ላይ በፍጥነት ሲፈስ የግድግዳው ስስ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመነጫል፤ ቧንቧው ይላላል፤ ግፊት ይወርዳል። የአንድ ቀን እርምጃ ውጤት ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግሥቱ ድረስ ይቆያል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ ቅዳሜ የሚሮጥ ሰው ግፊቱን የሚያወርደው ለቅዳሜ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። በየቀኑ ለሁለት ሦስት ወር የተራመደ የግፊት ታማሚ ግን ላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ያህል ይቀንስለታል፤ አንድ ኪኒን ከሚያደርገው ብዙም አይርቅም። ልብ ራሱም ይሠለጥናል። ዕረፍት ላይ ያለ ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ ልምምድ የለመደ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ስለሚጨምር ያንኑ ሥራ በጥቂት ምት ይጨርሳል። ሌላው ጉዳይ አደጋው ነው። ከባድ ጥረት ያልለመደ ሰው ድንገት ሲያደርገው በዚያች ሰዓት ድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዙ ዕድል ከፍ ይላል፤ አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ይህ ጭማሪ በጣም ያነሰ ነው።

እንግዲህ ሥራው። ምርመራው እስኪያልቅ በሜዳ ላይ ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ከሥራ መልስ 10 ደቂቃ፣ እንደ ልብ እያወሩ ይራመዱ፤ ከዚህ በላይ አይሂዱ። ኢኮው ደህና ከሆነ በሳምንት አምስት ቀን ይጀምሩ፦ 5 ደቂቃ ዝግ ብለው ሰውነት ማፍታታት፣ 10 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ 5 ደቂቃ እንደገና ዝግ ብሎ መጨረስ። የፈጣኑን ክፍል ብቻ በየሁለት ሳምንቱ በ5 ደቂቃ ያሳድጉት፤ 15፣ 20፣ 25፣ በዘጠነኛው ሳምንት 30። ሠላሳ ደቂቃ በአምስት ቀን 150 ደቂቃ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ዝቅተኛው የሳምንት ድምር ይህ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ያሉትን አምስት አምስት ደቂቃዎች ጊዜ ቢያጥርዎት እንኳ እንዳይነኩ። የሚቆረጠው መሀሉ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የጎደለውም የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ነበር። አንድ ሳምንት ካመለጠዎት ከአንድ እርከን ዝቅ ብለው ይቀጥሉ፤ ሦስት ሳምንት ካመለጠዎት በግማሹ ይጀምሩ።

ከእነዚህ ቀናት በሁለቱ ላይ የጡንቻ ሥራ ይጨምሩ። እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ 8 ጊዜ፣ ግድግዳ ገፍቶ መመለስ 8 ጊዜ፣ በሁለት እጅ ባለ አንድ ሊትር የውኃ ላስቲክ ይዞ ወደ ትከሻ ማንሣት 8 ጊዜ፤ ዐረፍ ብሎ አንዴ መድገም። ሲያነሡ ወይም ሲገፉ ትንፋሽ ማውጣት፣ ሲመልሱ ማስገባት። ትንፋሽ ውጦ ማንሣት ግፊትን በሴኮንዶች ውስጥ ሽቅብ ያጉናል። ከባድ ጀሪካን ወይም ሲሊንደር «እህ» ብሎ ማንሣትም ያው ነው።

በወጡ ቀን ሁሉ ግፊት መለካት አያስፈልግም፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይቆዩ፣ ወንበር ላይ ተደግፈው እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ይቀመጡ፣ ክንድዎን በልብዎ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለኩና አማካዩን ይጻፉ። ላይኛው 180 ወይም ታችኛው 110 ከደረሰ የዚያን ቀን ስፖርት የለም፤ ሐኪም ዘንድ ይደወላል። ትኩሳት ወይም ጉንፋን ሰውነትዎን ሲሰባብረውም አይውጡ፤ በቫይረስ ጊዜ ልብ ራሱ ሊቆጣ ይችላል። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ ከሚቆዩት ከሆኑ እርምጃውን ከተመገቡ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ወደ ምሽት ያድርጉት። ከስፖርት ወጥቶ በቀጥታ ስቲም ባዝ መግባትም ለእርስዎ አይሆንም፤ የላላውን ቧንቧ ሙቀቱ ይበልጥ ያላላውና እዚያው ይወድቃሉ።

ደረት ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ያህል መክበድ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ አገጭ ወይም ጀርባ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ በዚያው ይቀመጡ። በሴቶች ላይ ሁልጊዜ እንዲህ በግልጽ አይመጣም፤ ማቅለሽለሽ፣ የማይታወቅ ዝለት፣ ከእምብርት በላይ ማቃጠል ሆኖም ሊመጣ ይችላል። አሳዛኙ ነገር «ጨጓራዬ ነው» ተብሎ ስንት ጊዜ ይታለፋል። ጨጓራ ከምግብ ጋር ይመጣል ይሄዳል። ዳገት ሲወጡ የሚመጣና ሲያርፉ የሚለቅ ማቃጠል ግን በምርመራ ሌላ እስኪባል ድረስ ልብ ነው ብለው ይያዙት። ዐርፈው በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተወዎት 907 ደውለው የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ፤ ብቻዎን ታክሲ ፍለጋ አይውረዱ።

እንጦጦን ከአሥረኛው ሳምንት በኋላ ይመለሱበት። ሩጫ ሳይሆን በእርምጃ፤ አንድ ደቂቃ ዳገት፣ ሁለት ደቂቃ ዝግ ያለ ወይም ለጥ ያለ ቦታ፣ እንደገና አንድ ደቂቃ። በየሳምንቱ ወይ ርቀቱን ወይ ዳገቱን ወይ ፍጥነቱን ይጨምሩ እንጂ ሦስቱንም በአንዴ አይጨምሩ። ቢያንስ ቀለል ያለ ቁርስና አንድ ብርጭቆ ውኃ ወስደው ይውጡ፤ ማለዳው ስለሚበርድ ሹራብ ደርበው፣ ሲሞቅዎት ያውልቁ። ከልጆችዎ አንዱ አብሮዎት ቢወጣ ሥጋታቸውም ይቀልላል። አናቱ ላይ ሲደርሱ ሌሎቹ ቆመው ፎቶ ሲነሡ እርስዎ አምስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ይበሉ፤ ፎቶው ይጠብቅዎታል።